ትንሽ አሞታል

ሪሐብ ሥራዋን ለሐበሻ ማስረዳት ከተወች ቆይታለች። «ኦፔራ ቤት ነው የምሠራው» ባለች ቁጥር የሚከተለው ጥያቄ አንድ ነው። «ትዘፍኛለሽ?» አልዘፍንም። «እና ትደንሻለሽ?» ኧረ አልደንስም። «ታዲያ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» አንድ ቀን ዊልስደን በሚባለው የስደት ሰፈሯ ሥጋ ቤት ተሰልፋ ሳለ ትዕግሥቷ አለቀና «መጋረጃ ክፈቱ እላለሁ» ብላ መለሰች። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ስሟ «መጋረጃ ከፋቿ» ሆኖ ቀረ።

ስሙ አያስከፋትም፤ ሥራው ግን ከዚያ ይሰፋል። ሪሐብ ስቴጅ ማናጀር ናት። ከመድረኩ ጎን፣ ተመልካች በማያየው ጨለማ ውስጥ፣ የሙዚቃውን ጽሑፍ ከፊቷ ዘርግታ ትቆማለች። መብራቱን፣ መጋረጃውን፣ ከጣራ የሚወርደውን የእንጨት ግንብ ሁሉ በጆሮ ማዳመጫዋ የምታዘው እሷ ናት። «ተዘጋጅ» ትላለች፤ ባለመብራቱ «ተዘጋጅቻለሁ» ብሎ ካልመለሰላት «ሂድ» አትልም። መልስ ሳትሰማ ብታዝ ግንቡ ሰው ራስ ላይ ሊወርድ ይችላል። በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። ያልሰማችውን ትጠይቃለች፣ የሰማችውንም ደግማ ትጠይቃለች። አዲስ የሚገቡ ሠራተኞች ከኋላዋ ያሟታል፤ ፊት ለፊት ግን ማንም ትንፍሽ አይልም።

ኖላዊ እዚያው ቤት በጋራ ከሚዘፍኑት አንዱ ነው። ዌምብሊ ተወልዶ ያደገ፣ የአቶ ደግፌና የወይዘሮ እታለማሁ አንድያ ልጅ። ለዓመታት በሰው መሐል ተውጦ ሲዘፍን ኖሮ በመጨረሻ ለብቻው የሚዘፍናት አጭር የመልእክተኛ ድርሻ ደረሰችው። በመጨረሻው ክፍል ሮጦ ይገባል፣ መርከብ መምጣቱን ያበስራል፣ ይወጣል። ትንሽ ናት፤ ለሱ ግን ዓለም ናት። እናቱ እንግሊዝኛ ይከብዳቸዋል፣ የዘፋኞች ስልክ ደግሞ በትርኢት ሰዓት ይዘጋል። ስለዚህ «የኛ ሰው ናት፣ ለክፉም ለደጉም ይሁንሽ» ብሎ የሪሐብን የሥራ ስልክ ሰጥቷቸው ነበር።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ የከሰዓት ትርኢት። የመጨረሻው ዕረፍት ሊያልቅ ሲል ስልኩ ጠራ።

«ሪሐቤ፣ እንደምን ዋልሽ ልጄ? ሁሉ ደህና?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን እትዬ። እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሆስፒታል ነን። የኖላዊን አባት ትንሽ አሞት ነው። ልጄን ላኪልኝ። ግን እንዳይደነግጥብኝ።»

ድምፃቸው የረጋ ነበር። ከኋላ ግን የሆነች ሴት ታለቅሳለች። ሪሐብ «እሺ እትዬ» ብላ ዘጋችው። ሌላ አንድ ቃል አልጠየቀችም።

ያልጠየቀችው ወድዳ አይደለም። ልጅ ሳለች፣ ከእናቷ ጋር ካምደን በአንዲት ክፍል ሲኖሩ፣ አክስቷ ከአዲስ አበባ ደውላ «አባትሽን ትንሽ አሞታል» ብላት ነበር። ሪሐብ አላህ እንዲያሽረው ስትለምን ሰነበተች። አንድ ማለዳ ቤቱ በሰው ሲሞላ ነው አባቷ አክስቷ በደወለችበት ቀን መቀበሩን የሰማችው። ለተቀበረ ሰው ጤና ስትለምን መክረሟ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። ከዚያ ወዲያ ሐበሻ «ትንሽ አሞታል» ሲል እሷ የምትሰማው «ሞቷል» የሚለውን ነው። ደግሞስ እንዲህ ሲባል «ነፍሳቸው አለች ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል? ሰው የሸፈነውን መግለጥ ነው፣ ነውር ነው። ሥራዋ ላይ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ የምታስደግም ሴት፣ በአማርኛ ሲሆን አንድ ጊዜ መጠየቅ አፈረች።

«ኢና ሊላሂ» አለች በልቧ፣ ለሞተ ሰው የሚባለውን።

ከዚያ ኖላዊን አየችው። ካባውን ለብሶ ጉሮሮውን እያሟሸ ከመድረኩ ጎን ቆሟል። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ አውራ ጣቱን አሳያት። የሱን ድርሻ የሚሸፍን ተጠባባቂ ዘፋኝ እዚያው ነበር፤ አንድ ቃል ብትተነፍስ ኖላዊ በዚያች ደቂቃ ይወጣ ነበር። እሷ ግን መርዶ በቁም አይነገርም ብላ አሰበች። የሞተ ሰው አይቸኩልም፤ ልጁ ይዝፈን፣ ሲጨርስ አስቀምጬ በወጉ እነግረዋለሁ አለች። ደግነት መሰላት። እንዲያውም በራሷ ኮራች፤ ከሁሉ የሚቆጫት ይኸው ኩራቷ ነው።

ኖላዊ ዘፈነ። እንደዚያ ሲዘፍን ሰምታው አታውቅም።

ትርኢቱ ሲያልቅ ወደ አንድ ባዶ ክፍል ወሰደችው፤ ወንበር ሰጠችው፣ ውሃ ቀዳችለት። «አይዞህ ኖላዊ፣ በርታ» አለችው።

«ምንድን ነው? ሪሐብ፣ ፕሊስ፣ ጀስት ንገሪኝ!»

«እናትህ ደውለው ነበር። አባትህን...» ኖላዊ እስክትጨርስ አልጠበቀም።

ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ወደ እናቱ ደወለ። የእናቱ ጩኸት እስከ ሪሐብ ድረስ ተሰማ። «አሁን አመለጠን እኮ! አሁን! በር በሩን እያየ ስምህን ሲጠራ! የት ደረስክ ልጄ?»

ኖላዊ ስልኩን ከጆሮው አወረደ። «መቼ ነው የደወለችው?»

«በዕረፍቱ።»

«ምን ብላ?»

«ትንሽ አሞታል።»

«አሞታል ነዋ ታዲያ! አሞታል አለችሽ እኮ!»

ለሱ አማርኛ ያለውን ነው የሚለው፣ ሌላ ጓዳ የለውም። ሆስፒታሉ ጥቂት ፌርማታ ብቻ ነበር የሚርቀው፤ በዕረፍቱ ወጥቶ ቢሆን በደንብ ይደርስ ነበር። ኖላዊ ካባውን እንኳ ሳያወልቅ ወጣ።

በሠልስቱ ዌምብሊ ለቅሶ ቤት ሄደች። አውቶቡሱ ውስጥ የምትለውን ስታጠና ነበር። «እኔ ነኝ ያስቀረሁት፤ ይቅር በሉኝ» ልትል ቆርጣለች። ከዚህ በኋላ ቢረግሟትም፣ ከቤት ቢያስወጧትም ይሻላታል።

ወይዘሮ እታለማሁ ገና ሲያዩዋት ተነሥተው አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። «ውለታሽን አልረሳም ልጄ» አሉ እያለቀሱ። «ወዲያው ነው የነገርሽው፤ ልብሱን ሳይቀይር ነው የወጣው። ባቡሩ ነው መሐል መንገድ ተገትሮ ያስቀረብኝ። ኖላዊ ነግሮኛል።»

ሪሐብ የእናቱን ትከሻ አሻግራ ኖላዊን ፈለገችው። ጥግ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ፊቱ ላይ ምሕረት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ግን ዓይኑን ሳይነቅል ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ያኔ ገባት። እውነቱ ከወጣ እናትየው «ምነው ትንሽ አሞታል ባላልኩ» እያሉ የራሳቸውን አፍ ሲረግሙ ይኖራሉ። የዋሸው ለሷ ብሎ አይደለም።

«አይደል እንዴ ልጄ?» አሉ ወይዘሮ እታለማሁ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው።

«አዎ እትዬ» አለች ሪሐብ። «ባቡሩ ነው።»