ሮሊንዳ እምቢ ያለችው ንስሐ

አባ ቴውዞ ሮሊንዳን ያገቧት በቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ፣ መንደርተኛው ሁሉ ቆሞ እያየ ነው። ቀለበቱን የባረኩት የገዛ አባታቸው ነበሩ፤ እሳቸውም ቄስ፣ የእሳቸውም አባት ቄስ። እኛ በፖ ወንዝ ዳር የምንኖር ሰዎች በዚህ ተደንቀን አናውቅም። ቄሱም እንደ ሰው ያገባል፣ እንደ ሰው ከሚስቱ ጋር ይጨቃጨቃል፣ እሑድ ይቀድሳል።

ሮሊንዳ ጎረቤቴ ነበረች። አጭር ናት፤ ሳቋ ግን ወንዙን ይሻገራል። የመሥዋዕቱን ኅብስት የምትጋግረው እሷ፣ የመንበሩን ልብስ የምታጥበው እሷ፣ ባሏን እንቅልፍ ሲጥላቸው ደወሉን የምትደውለው እሷ ነበረች። ልጅ አልወለደችም። እኛን ግን ስታዋልድ ኖራለች።

አንድ የበጋ ቀን ከሚላኖ ከተማ በኩል የመጣ ሰባኪ የመንደሩ የውኃ ጉድጓድ አፍ ላይ ወጥቶ ቆመ። ጫማ አላደረገም፤ ድምፁ ግን ያምር ነበር።

"ሴት ሲዳብስ ያደረ እጅ ጠዋት ሥጋ ወደሙን ይነካል?" አለ። "የቄስ ሚስት የሚባል ነገር የለም! ያለችው ጋለሞታ ናት፤ የባለጋለሞታ ቅዳሴም ከውሻ ጩኸት አይሻልም!"

ሰው ፈራ። በማግስቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ግማሹ ባዶ ሆነ። ወፍጮኛው ጉንዶ እንኳ፣ ቅዳሴ ላይ ከማንኮራፋት በቀር የማያውቀው፣ "ነፍሴን አላስበክልም" ብሎ ቤቱ ዋለ።

ከዚያ በኋላ ልብስ ልናጥብ ወንዝ ወርደን ሳለ፣ የጉንዶ ሚስት ኦታ እቃዋን ሰብስባ ከሮሊንዳ በላይ ሄዳ ተቀመጠች።

"ምነው ኦታ?" አለቻት ሮሊንዳ።

"ከአንቺ በታች አላጥብም። እድፍሽ ይወርድብኛል።"

"ልጆችሽን ሁሉ በዚህ እጄ ነው የተቀበልኳቸው። ያን ጊዜ እድፍ አልነበረውም?"

"ያን ጊዜ አላወቅንማ!"

"ምኑን? ሚስቱ መሆኔን?"

ኦታ ልብሷን ድንጋዩ ላይ መውቀጥ ያዘች። ማንም አልሳቀም። ሮሊንዳም አልሳቀችም።

መከር ሲገባ የጳጳሱ መልእክተኛ በበቅሎ መጣና ለአባ ቴውዞ ቁርጡን ነገራቸው፤ ከእንግዲህ ቄስ ሚስት እንዳይኖረው ታዟል፤ ወይ ሴቲቱ ከቤት ትውጣ፣ ወይ እሳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ይውጡ። ቤታችንን የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ስስ ስለሆነ ያን ምሽት የተባባሉትን ሰምቻለሁ።

"አንተስ ምን ትላለህ?" አለች ሮሊንዳ።

"ጳጳሱ እንግዲህ..."

"ጳጳሱን አልጠየቅሁም።"

"ሌላ ሙያ የለኝም፣ ሮሊንዳ። ማረስ አላውቅም።"

"እኔ አውቃለሁ።"

እሳቸው ዝም አሉ። ከዚያ የሰማሁት የእሳቸውን ለቅሶ ነው። እሷ ስታለቅስ አልሰማሁም።

ሲነጋ ጓዟን በጨርቅ ቋጥራ ወጣች። ዶሮዋን ታቅፌ ሸኘኋት፤ በወንዙ መካከል ባለችው ደሴት ላይ ወደሚገኘው የሴቶች ገዳም በጀልባ ተሻገርን። እመምኔቷ እናት ገይዛ የባላባት ልጅ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴት ነበሩ። መነኮሳይያቱን ሰብስበው ሮሊንዳን በሩ ላይ አቆሟትና፣ "በዝሙት ኖሬያለሁ ብለሽ ንስሐ ግቢ። ከዚያ ቆብ ትደፊያለሽ" አሏት።

ሮሊንዳ ተንበረከከች።

"እናቴ፣ ኃጢአት ሞልቶኛል። ምላሴ ይዋጋል። በጾም አይብ ሰርቄ በልቻለሁ። ኦታን ወንዝ ይውሰዳት ብዬ ተመኝቻለሁ፤ ዛሬም እመኛለሁ። ባሌን ግን ባሌ አልነበረም አልልም።"

"ጳጳሱ አልነበረም ብለዋል።"

"ጳጳሱ ሠርጌ ላይ አልነበሩማ!"

አንዲት አሮጊት መነኩሴ ሳቋ አምልጧት በሳል አስመሰለችው። እናት ገይዛ ግን ሮሊንዳን ትኩር ብለው ሲያዩ ቆዩ።

"እኔ ባሌን ስጠላው ኖሬ ስጠላው ቀበርኩት" አሉ በመጨረሻ። "የእኔ ቅዱስ ጋብቻ ይባላል።" ቀጥለውም፣ "ቆቡን ልሰጥሽ አልችልም። የድውያን ቤታችን ግን ሰው ያጣ ነው። ግቢ" አሏት።

እንዲህ ሆና ኖረች፤ መነኩሴም አይደለች፣ ምእመንም አይደለች። ቁስል ታጥባለች፣ ገንፎ ታጎርሳለች። አባ ቴውዞ ደግሞ እዚህ ይቀድሳሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ተመልሶ ሞላ። እሳቸው ግን ከሲታ ሆኑ፤ ቤታቸው ሴት እንዳይገባ ስለተከለከለ ብዙ ቀን ጭስ አይታይበትም ነበር።

ከዓመታት በኋላ፣ በከባዱ ብርድ፣ ትኩሳት ጣላቸው። ደሴቲቱ ድረስ ቀዝፎ የሄደው ያ ወፍጮኛ ጉንዶ ነው።

"እትዬ ሮሊንዳ፣ አባ እየሞቱ ነው።"

"የምትጠራው ማንን ነው? ጋለሞታዋን ወይስ ሚስቱን?"

ጉንዶ ቆቡን እያሻሸ፣ "እኔ ምን አውቃለሁ! ስምሽን ነው የሚጠሩት" አለ።

በቀን ብርሃን፣ በአደባባዩ መካከል አልፋ ገባች። በሩንም አልዘጋችው። እኔ ውኃ አቀብላት ነበር።

"ይቅር በይኝ" አሏት።

"ስለ ምኑ?"

"ዝም ስላልኩ።"

"ንዴቴ ገና አልወጣልኝም። በል መጀመሪያ ሾርባውን ጠጣ።"

ጠጡ። ያን ሰሞን ስታነሳቸው ስታስተኛቸው ከረመች። ሊያናዝዛቸው ከከተማ የተላከው ወጣት ቄስ እሷን ሲያይ ደነገጠ፤ ትውጣ አለ። አባ ቴውዞ እጇን አልለቀቁም።

"በእሷ ነገር ያለብኝ ኃጢአት አንድ ነው፤ ማባረሬ" አሉት። "ሚስቴ ናት።"

ወጣቱ ቄስ ወጥቶ ግቢው ውስጥ በረዶውን እየረገጠ ብዙ ተመላለሰ። ከዚያ ገባና ከኃጢአታቸው ፈታቸው። ምን አስቦ እንደሆነ ለማንም አልተናገረም።

ከቀብሩ በኋላ እዚሁ ቅሪ ብንላት እምቢ አለች። "በሽተኞቼ ይጠብቁኛል" ብላ ወደ ደሴቷ ተመለሰች፤ የመበለት ጥቁር ሻሽም አሰረች። የጳጳሱ ሰው ገዳሙን ሊጎበኝ መጥቶ ሻሹን አየና፣ "ይቺ የማን መበለት ናት?" ብሎ ጠየቀ አሉ።

"የባሏ" አሉት እናት ገይዛ፣ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ።

ከዚያም ብዙ ዘመን ኖረች። ንዴቷ ወጥቶላት እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄያት ነበር፤ "አንዳንድ ቀን" አለችኝና የምታጥበውን አንሶላ ጫፉን ሰጠችኝ፤ አብረን ጨመቅነው።