የእትዬ መነጽርና የመጨረሻዋ መስመር

ባለፈው ሳምንት እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ካምደን ሰፈር ያለው የዓይን ሐኪም በመብራቱ ዓይኔን ሲጎረጉር ቆይቶ «ሩቅ ማየት እያቃተህ ነው» አለኝ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ቅርቡንም በቅጡ አይቼ እንደማላውቅ አልነገርኩትም። ቤቴ ገብቼ የካልሲ መሳቢያዬን እስከ ጥጉ ሳብኩና ከሥር ቡናማዋን የመነጽር ማኅደር አወጣሁ። ክዳኗ ጧ ብሎ ሲከፈት የቪክስ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሃያ ዓመት የተዘጋበት ቪክስ፣ ልንገራችሁ፣ ሬሳ ያስነጥሳል።

መነጽሩ የእኔ አይደለም። የእትዬ ነው።

እትዬ የሥጋ ዘመዴ አልነበሩም። ሰቨን ሲስተርስ በሚባለው ሰፈር ከገበያው በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ የእህታቸውን ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምረው ያሳደጉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እኛን የሚያበሉ ሴትዮ ነበሩ። እኛ ማለት እኔ፣ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ጓደኛዬ እና አንዲት የጴንጤ ቸርች ዘማሪ። ዘማሪዋ እትዬ ከኦርቶዶክስነት እንዲወጡ ትጸልያለች፤ እትዬ ዘማሪዋ እንድትመለስ ይሳላሉ፤ የሁለቱም ሳይሰማ ምሳው ይደርሳል። መስኮቱ ሲከፈት ከታች የሚጠበስ ሙዝ ሽታ ከእትዬ ቁሌት ጋር ተደባልቆ ይገባል። ዛሬም ያ ሽታ ድንገት ሲመጣብኝ መጀመሪያ ይርበኛል፣ ቀጥሎ አፍራለሁ።

በዚያ ቤት የእኔ ሥራ ማሳቅ ነበር። አዲስ አበባ ሳለሁ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ ፊልም አስተርጓሚ ነበርኩ፤ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ ሕንዱንም ቻይናውንም በአማርኛ አናግራለሁ። ሕንድኛም ቻይንኛም አልችልም። ተመልካቹ ግን እኔን ብሎ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ እንኳ ማንም ሳይወጣ አንድ ሰዓት ሙሉ ተርጉሜያለሁ።

የእትዬ ልጅ ዝምተኛ ነበረች። ከእሷ ጋር ቤት ሼር የምታደርግ አንዲት ፀጉረ አጭር እንግሊዛዊት ነበረች፤ ይህቺ ሴት ፊልም ትሠራለች። በተዋሰችው ካሜራ፣ በራሳቸው ኩሽና፣ ተዋናዮቹን በሾርባ እየደለለች፣ አርባ ደቂቃ የሚሆን ድራማ ሠራች። ሁለት ሴቶች የሚዋደዱበት። ካምደን አንዲት የአሻንጉሊት ቤት የምታህል ሲኒማ ውስጥ ሲታይ ሰዉ አለቀሰ አሉ፤ አልቅሶም አልሄደም፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ጥያቄ ሲጠይቅ ቆየ።

ልጅቷ የአማርኛ ጽሑፉን ራሷ ጻፈችለት። ስድስት ሳምንት ከሥራ መልስ ኮምፒውተሯ ላይ ተተክላ፣ ከእያንዳንዱ ንግግር ሥር በፊደል። ለማን? ለእትዬ። የእሳቸው እንግሊዝኛ ከ«ታንኪዩ» ወጥቶ «ባስ ስቶፕ» ላይ ይወርዳል። ብቻቸውን ልታሳያቸው ፈርታ መሆን አለበት፣ ለድጋፍ ብላ እኛን ጠራችን። እኔን! ለድጋፍ!

ያን ቅዳሜ ዝናብ ነበር፤ ልጅቷ እንግሊዛዊቷንም ይዛ መጣች። የክፍሉ ብርሃን ውኃ የተቀላቀለበት ወተት ይመስላል። ልጅቷ ዲስኩን በሹራቧ ሁለት ጊዜ ጠርጋ አስገባችው።

«እትዬ፣ መነጽርሽ አለ?»

«ይኸው፣ ዳዊቴ ላይ።»

«እስከ መጨረሻው እይው፣ እሺ? መጨረሻውን እንዳትተዪው።»

ከዚያ «ወተት አልቋል፣ ላምጣ» ብላ ወጣች። ከፎቁ ሥር ያለው ሱቅ ውስጥ ወተት ሞልቷል። እሷ ግን ላሟን ገዝታ፣ አሳድጋ፣ አልባ የምትመጣ ይመስል አርባ ደቂቃ ቆየች። አጠገባቸው ቁጭ ብላ ፊታቸውን ማየት እንዳልቻለች ማንም ይገባዋል። እኔም ገብቶኝ ነበር።

እትዬ መጋረጃውን ሊስቡ ሲነሱ መነጽሩን ከነማኅደሩ ኪሴ ከተትኩት። ለምን? ያለ መነጽሩ ቄስና ፍሪጅ የማይለዩ ሴትዮ እኔን መለመናቸው ስለማይቀር ነዋ። ሹፌሩ አየኝና ሳቁን ሊያፍን ከንፈሩን ነከሰ።

«ውይ መነጽሬ! አሁን እዚህ አልነበረም?»

«አይጨነቁ እትዬ፣ እኔ አነብልዎታለሁ።»

«ቃል በቃል?»

«ቃል በቃል!»

ፊልሙ ጀመረ። አንደኛዋ ሴት የሌላዋን ፀጉር ኩሽና ውስጥ ጎንበስ አድርጋ ታጥባለች። ከሥር የልጅቷ አማርኛ «አንቺ ስትወጪ ቤቱ ይሰፋብኛል» ይላል። እኔ «'ሻምፑዬን ጨረስሽው፣ አንቺ ጅብ!' ትላታለች» አልኩ። ሹፌሩ ከሶፋው ወደቀ። ሁለቱ ዝናብ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተያይዘው ሲያለቅሱ፣ የካውንስል፣ ማለትም የመንግሥት ኪራይ ቤት እንዲጠይቁ አደረግኳቸው። «'ባለ ሁለት መኝታ ይሰጡን ይሆን?' 'አፕላይ አድርጊያ፣ እዚህ ከምትነፋረቂ!'» ሲሳሳሙ ዘማሪዋ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች፤ በጣቶቿ መካከል ያለው ቀዳዳ ግን አውቶቡስ ያሳልፋል።

«በኢየሱስ ስም! በኢየሱስ ስም! … ቆይ፣ ካውንስሉ ሰጣቸው?»

እትዬ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እንግሊዛዊቷ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ ታየናለች። አማርኛ አትሰማም። «ካምደን እኮ እዚህ ጋ ነበር ሰው ያለቀሰው» አለችኝ፣ ፈገግ ልበል አልበል በሚል ፊት። «በአማርኛ ይበልጥ ያስቃል» አልኳት።

መጨረሻው ደረሰ። ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ ከማንኪያው ድምፅ በቀር ምንም የለም። ማንም አይናገርም፤ ስለዚህ የሚተረጎም ነገር አልነበረም። ከሥር ግን ነጭ ፊደል መጣ። ፊልሙ የማያውቀው፣ ልጅቷ ራሷ የጨመረችው።

«እትዬ፣ እኔም እንደነዚህ ነኝ። አሁንም ልጅሽ ነኝ?»

አነበብኩት። አልገባኝም ብዬ ልዋሻችሁ እችል ነበር፣ ከዚህ የባሰም ዋሽቻለሁ። ገብቶኛል። ፊደሉ ረጅም ጊዜ ቆየ፤ ለደካማ ዓይን ብላ አስረዝማው መሆን አለበት። እትዬ ወደ እኔ ዞረው «እህስ? ምን አሉ?» አሉ፤ አፋቸው ለሳቅ ተከፍቶ ተዘጋጅቷል። ሹፌሩም፣ ዘማሪዋም ጽሑፉን ትተው አፌን ያያሉ። ክፍሉ በሙሉ መዳፌ ላይ ነበር።

«'ስኳር የለውም እኮ፣ አንቺ ገብጋባ!' ትላታለች» አልኩ።

እትዬ በሳቅ ፈረሱ። ሆዳቸውን ይዘው ጎንበስ እንዳሉ በሩ ተከፈተና ልጅቷ ገባች፤ ፀጉሯ ውኃ ያንጠባጥባል፣ ወተቱን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች።

«ወይ ልጄ! እንዲህ ስቄ አላውቅም!» አሉ እትዬ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «መነጽሬ ጠፍቶብኝ እሱ ቃል በቃል አነበበልኝ።»

«መጨረሻውንም?»

«መጨረሻው ነው እንጂ የገደለኝ!»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን እቀልድበት ነበር።

«አነበብክላት?»

በሕይወቴ ያለ ቀልድ የተናገርኳት ቃል ያቺ ብቻ ናት፤ እሷም ውሸት ነበረች።

«አዎ።»

ወተቱን ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠች። የፍሪጁ በር ሲዘጋ የተሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ኮቷን ሳታወልቅ እንግሊዛዊቷን እጇን ይዛ አስነሳቻትና ወጡ። ሹፌሩ ገና «ገብጋባ!» እያለ ይስቃል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም፤ ከዚያ በኋላም። ስልኳን ቀየረች። ክሮይደን፣ ከከተማው ዳር፣ ትራም ላይ ያያት ሰው ነበር፤ ሰላም ሲላት በመስኮቱ ወደ ውጪ አየች አለ። እትዬ ወር ሙሉ ሶፋው ሥር መነጽራቸውን ፈለጉ። አብሬያቸው ተንበርክኬ ፈልጌያለሁ፣ በእጄ ባትሪ ይዤ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሆስፒታል ተኝተው እኔ ነበርኩ የምጠይቃቸው። አንድ ቀን ብርቱካን እየላጥኩላቸው ድንገት «በፊልሟ ስለሳቅኩ ነው የሄደችው?» አሉኝ።

«ሥራ በዝቶባት ነው እትዬ።»

«እኔ እኮ የሳቅኩት ደስ እንዲላት ነው። የደከሙበት ስለሆነ።» አንሶላውን ወደ አገጫቸው ሳቡ። «ያቺን ፈረንጅ ልጅ እንዴት እንደምታያት አውቃለሁ። ለዚያ መነጽር አያስፈልገኝም። አልወደድኩላትም፣ ጸልዬበታለሁ፣ አልቅሼበታለሁ። ግን ልጄ አይደለችም ወይ? አንድ ቀን ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር።»

ጠይቃዎታለች ማለት ነበረብኝ። ብርቱካኑ በእጄ ነበር፣ ምላሴ በአፌ ነበር። «ብርቱካኑ ስኳር የለውም እኮ፣ እትዬ» አልኳቸው። ሳቁ፤ ደረታቸውን እያመማቸው ሳቁ። በዚያው ሳምንት አረፉ። ልጅቷ ለቀብር አልመጣችም፤ የሚነግራት ሰው አልነበረም።

አሁን እንዲህ ያሉ ፊልሞች ካምደን በመጡ ቁጥር እሄዳለሁ። ትንንሽ፣ በሾርባ የተሠሩ፣ ሁለት ሴቶች ሻይ የሚጠጡባቸው። ርጥብ ካፖርት በሚሸት አዳራሽ ከወጣቶች መካከል የምቀመጥ ብቸኛው ባለ ቦርጭ ሐበሻ እኔ ነኝ። የሠሩት ሰዎች ስም አልቆ መብራቱ እስኪበራ አልነሳም፤ ስሟን እፈልጋለሁ።

ትናንት የእትዬን መነጽር አድርጌ ገባሁ። ለእኔ ዓይን አልሆነም፤ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ ነው፣ ስክሪኑ ውኃ ውስጥ ይዋኛል። አላወለቅኩትም። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ሴቶች ዝም ተባባሉ፣ ከሥር ምንም ጽሑፍ አልነበረም። እኔ ግን፣ ቃል በቃል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት።

«እትዬ፣ እኔም እንደነዚህ ነኝ። አሁንም ልጅሽ ነኝ?»

ከፊቴ ያለችው ሴት ዞራ «ሽሽሽ!» አለችኝ።