ምራት ገንዘብ ያዥ

ተዘዋዋሪ ፈንድ የሚባለውን ነገር ማን እንደፈለሰፈው አላውቅም። ባውቀው ኖሮ በዚያ የጁባ ሙቀት መኪና ላይ ጭኜ፣ ከከተማ በሚያስወጣው ኮረኮንች ወገቡ እስኪላቀቅ አንገጫግጬ፣ ገንዘቡን የሰጠንበት መንደር ወስጄ አወርደው ነበር። «በል ተዘዋወር!» ብዬ። ይሄን ጉዳይ ሳልናደድ ማውራት አልችልም። ስንት ዓመቱ ነው፤ አሁንም ሲነሳብኝ ደሜ ይፈላል።

ነገሩ ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። ለመንደሩ ገንዘብ ይሰጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ተበዳሪዎች ነግደው ይመልሳሉ፤ የመለሱትን ሌሎች ይወስዳሉ፤ እነሱም ሲመልሱ ሌሎች። እንዲህ እያለ ሲዞር ይኖራል፣ ሰጪው አንዴ ሰጥቶ ይገላገላል። እኔ አገር ቤት ብድርና ቁጠባ ውስጥ የሠራሁ ሴት ነኝ። ደቡብ ሱዳን ሰላም ከወረደ በኋላ ጁባ ደመወዝ ጥሩ ነው ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። ቢሯችን ቡሉክ የሚባል ሰፈር ነበር፣ የምኖረው ንያኩሮን ሰፈር። ሥራዬ የገንዘቡን መዞር መከታተል ነበር። ምኑን ልከታተል? እንደወጣ ቀረ።

አለቃዬ ነጭ ነበር፣ «ከዋጃ»። ጁባ ነጭን እንዲህ ነው የሚሉት። ዛሬ አንድ አገር፣ ነገ ሌላ አገር እያለ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከገንዘቡ ይልቅ ተዘዋዋሪው እሱ ነበር። መንደሩ ውስጥ ቡድን ስናቋቁም አንድ ሕግ አወጣ፦ ገንዘብ ያዥ ሴት ትሁን፤ ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ የምትችል። አሪፍ። በዚያ መንደር ውስጥ ይሄን የምታሟላ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

ከእሷ ጋር የተዋወቅነው በእሾህ ነው። ገና ከመኪና እንደወረድኩ ጫማዬን በስቶ ገባና «ኧረ ወዲያ! እግሬን በላው!» ብዬ ጮህኩ፣ በአማርኛ፣ ማን ይሰማኛል ብዬ። ከኋላዬ «እኔን እትዬ! ቁጭ ይበሉ፣ ላውጣልዎት» የሚል ድምፅ መጣ። ዞር ስል ቀጭን፣ ረጅም፣ ሕፃን ያዘለች ልጅ ናት። ኢትዮጵያ የስደተኛ ካምፕ ውስጥ ነው ያደገችው፤ ሁለተኛ ደረጃን አዲስ አበባ ነው የተማረችው። እሾሁን አወጣችልኝ። «አንቺ በይኝ እንጂ፣ ምን አርጅቼ ነው?» ብዬ ተቆጣኋት፤ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ እያለች አንቺ ትለኝ ነበር።

ወደ አገሯ የመጣችው ከታላቅ ወንድሟ ጋር ነው። ወንድምዬው ሚስት ማግባት ፈልጓል፤ ከብት የለውም። እሷን ለዚያ መንደር ሰው ዳራት፤ በእሷ ጥሎሽ በመጡት ከብቶች የራሱን ሚስት አገባ። የሚስቱ ወንድም ደግሞ በእነዚያው ከብቶች የራሱን። እንግዲህ እኛ ፕሮጀክታችንን ተሸክመን ሳንሄድላቸው በፊት የሚዞር ነገር ነበራቸው፤ እንደኛው ሳይሆን በደንብ የሚዞር። ይሄን ለአለቃዬ ስነግረው «ኢንተረስቲንግ» አለና ስልኩን አነሳ።

የቡድኑ አባላት እነማን ነበሩ? «የምትተማመኑ ሰዎች ተሰባሰቡ፣ አንዱ ለአንዱ ዋስ ይሆናል» አልናቸው። ሰው የሚተማመነው በማን ነው? በዘመዱ! ስለዚህ ሊቀመንበሩ የገንዘብ ያዥዋ ባል አባት፣ አባላቱ የባሏ አጎቶች፣ የአጎቶቹ ልጆች፣ ሚስቶቻቸው። በዚያ አገር ምራት የባሏ አባት ፊት እህል አትቀምስም። ፊቱን አታይም፤ ስሙን አትጠራም። መንገድ ላይ ከመጣ ከመንገዱ ወጥታ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች። የምትፈልገው ነገር ካለ በባሏ እህት በኩል ታስነግራለች። ይቺን ልጅ ነው እንግዲህ ዕዳ አስመላሽ ያደረግናት። አበስኩ ገበርኩ!

ሽማግሌው አማቷ ደግሞ ትልቁን ብድር የወሰደው እሱ ነው። ጨውና ስኳር እነግድበታለሁ ብሎ ወስዶ ጊደርና በሬ ገዛበት። ስንጠይቀው «ገሩሽ ማፊ» ይላል፣ ገንዘብ የለም፤ ከኋላው ከብቶቹ ቆመው ያመሰኳሉ። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው እንኳ ላሚቱ ስለማትታይ ነው፤ የኛዎቹ ግን ፊት ለፊታችን ነበሩ። ሰውየው አልዋሸም ይሆናል። እሱ ዘንድ ከብት ገንዘብ አይደለም፤ ከብት ሸጦ ዕዳ መክፈል የወደቀ ሰው ሥራ ነው። ቢሆንም እኔ አልወደውም፤ ዛሬም አልወደውም።

አንድ ቀን ከዛፍ ሥር ለብቻችን ተቀምጠን «ለምን አትጠይቂውም?» አልኳት።

«እትዬ፣ እሱን ፊት ለፊት የጠየቅኩት ቀን ቤቴ ፈረሰ። ወደ ወንድሜ ይመልሱኛል፤ ከብቶቻቸውን አምጣ ይሉታል።»

«ልጆችሽስ?»

«ስለ ልጆቹ ተብለው ወንድሜ ዘንድ የሚቀሩ ከብቶች አሉ። በእነዚያ ልክ ልጆቹ የባሌ ወገን ይሆናሉ።» ትልቋ ሴት ልጅ ናት፣ ትንሹ ያን ጊዜ ጡት ላይ ነበር።

«ባልሽ ምን ይላል ታዲያ?»

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ትሉ የለ?» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

በማግስቱ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። እኛ አገር እቁብ አለ፤ የእቁብ ዳኛ የሚደረገው የሚከበርና ሰው ፊት ደፍሮ የሚናገር ነው፤ ማንም ጤነኛ ሰው ምራቱን በአማቷ ላይ ዳኛ አያደርግም አልኩት። ሌላ ሰው እናድርግ፣ ከሌላ ጎሳ፤ ወይም እኔው ራሴ ልጠይቅ አልኩት። «ሊለወጥ የሚገባው ባህል እኮ ይሄ ነው» አለኝ። «እሷ የኢምፓወርመንታችን ማሳያ ናት።» ልጆቿን ታጣለች ስለው ነገር ታጋንኛለሽ አለ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ! አባላቱን ሲመርጡ አንድ ሰው ዝምድናቸውን ቢጠይቅ ኖሮ እዚህ ባልደረስን።

ከዚያ ለጋሾች ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለ። አለቃዬ እንቅልፍ አጣ። የሁለተኛ ዙር ተበዳሪዎች፣ ሁሉም ሴቶች፣ ተራቸውን ሲጠብቁ ከርመዋል፤ ለጋሾቹ መጥተው ገንዘቡ ካልተመለሰ ምን ያሳያቸዋል? መንደር ድረስ ሄዶ ስብሰባ ጠራ። ገንዘብ ያዥዋ የእያንዳንዱን ተበዳሪ ስምና ዕዳ በሕዝብ ፊት ታነባለች፤ ካላነበበች ፈንዱ ተዘግቶ ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል አለ። ያን የሰሙ ሴቶች ሁሉ እሷን ያዩ ጀመር። ተራቸውን የምታስቀርባቸው እሷ ልትሆን ነው። እንግዲህ ወዴት ትሂድ? «እኔ ላንብበው» አልኩ። «ከማኅበረሰቡ ነው መምጣት ያለበት» አለኝ። ማኅበረሰብ! ቃሉን ስሰማ እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል።

የንባቡ ቀን ረፋድ ላይ ነው። ሽማግሌው ከፊት ተቀምጧል፣ ወንዶቹ ከጎኑ፣ ሴቶቹ ከኋላ። ተነሳች። ወረቀቱን ይዛ ጀርባዋን ለእሱ ሰጥታ፣ ወደ ዛፉ ግንድ ዞራ ልታነብ ስትል ሰው ሁሉ እፎይ ያለ መሰለኝ፤ እንዲያ ብታነበው ምናልባት ይታለፍላት ነበር። ጎበዝ ልጅ፣ መውጫ አግኝታ ነበር። አለቃዬ ብድግ አለ። እየሳቀ፣ እንደ አስተማሪ፣ ትከሻዋን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ሰዉ አዞራት። ያ ፈንድ በዕድሜው ያዞረው ነገር ቢኖር እሷን ብቻ ነው። «ተዋት!» ብዬ ጮህኩ፤ በአማርኛ ይሁን በእንግሊዝኛ አላስታውስም።

የመጀመሪያው ስም የእሱ ነበር። ጠራችው። ዕዳውንም ተናገረች። ሽማግሌው ተነስቶ ልብሱን አራግፎ ሄደ።

በሚቀጥለው ገበያ በሬዎቹን ሸጦ እስከ መጨረሻዋ ከፈለ። ሌሎቹም ተከተሉት። ስለወደዱን እንዳይመስላችሁ፤ እጃቸውን ከኛ ለማውጣት ነው። ለጋሾቹ ሲመጡ ገንዘቡ ሁሉ ገብቶ ነበር። ፍየል ታረደ፣ ፎቶ ተነሱ፣ አለቃዬ ትከሻዬን መታ አድርጎ «አላልኩሽም?» አለኝ። እጁን ልቆርጠው ምንም አልቀረኝም ነበር። ሁለተኛውን ዙር እናከፋፍል ስንል አንዲት ሴት እንኳ አልወጣችም። ባሎቻቸው ከለከሏቸው፤ እነሱም የሆነውን አይተዋል። ገንዘቡ ጁባ ባንክ ውስጥ ተቀመጠ። በሪፖርቱ ግን መቶ በመቶ ተመልሷል ተብሎ ተጻፈ።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ጠዋት ንያኩሮን ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ያገኘኋት። ሕፃን አላዘለችም። አንድ ፌስታል ይዛለች፤ የቀሚሷ ደረት ረጥቧል። ሁለቱንም ልጆች አስቀርተው ወደ ወንድሟ ልከዋታል። ወንድምዬው ደግሞ የሚመልሰው ከብት የለውም፤ ከደጁ አባሯታል። እግዜር ይይለት! አቅፌ አስገባኋት፣ ውሃ ሰጠኋት፤ አልጠጣችም። እጇን ይዤ ወደ ቢሮ ወሰድኳት።

አለቃዬ አክብሮ አስቀመጣት፤ ሻይ አዘዘላት። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ፊቱን አሳዝኖ እስከ መጨረሻው ሰማኝና በጣም አዝናለሁ አለ። «ግን ይሄ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ድርጅታችን በሰዎች ባህል ጣልቃ አይገባም» አለኝ።

«አንተ ሰው!» አልኩት። ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ከሥራ ያሰናበተኝም በእሱ ነው፤ ይመስገን። እሷ እንግሊዝኛ ትሰማለች። እንደጨረስኩ ክንዴን ያዘችኝ።

«እትዬ፣ ገንዘባቸው ሁሉም ገብቶላቸዋል አይደል?» አለችኝ በአማርኛ። «እንግዲያ ምን ዕዳ ቀረብኝ? ልጄን አምጡልኝ፤ ጡቴ ሊፈነዳ ነው።»