አሰለፈችና የክቡ አዳራሽ ወለል

አሰለፈች ሰቦቃን የማያውቃት ሰው በግቢው ካለ፣ እሱ ትናንት የተመዘገበ ተማሪ ነው። ወገቧ ላይ የታሰረው የቁልፍ ዘለላ ከሩቅ ሲንቃጨል ዘበኞቹ ሳይቀሩ አቀማመጣቸውን ያስተካክላሉ። አባቷ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ስለነበሩ ተወልዳ ያደገችው አቃቂ፣ ከጣቢያው ጀርባ ነው። በ1985 ዓ.ም. ከሰፈሯ ብዙም በማይርቀው የዩኒቨርሲቲ ግቢ በጽዳት ተቀጠረች፤ ባሏን የቀበረችውም፣ ሁለት ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያበቃችውም እዚያው ሥራ ላይ ሆና ነው።

ግቢው በንጉሡ ጊዜ ለፋብሪካ ሠራተኞች ማሠልጠኛ ተብሎ የተሠራ ነው። መካከሉ ላይ ክብ አዳራሽ አለ። በአዳራሹ መሐል ደግሞ ወለሉ ላይ የተተከለ፣ እሱም ክብ የሆነ፣ ጀርባ ለጀርባ ሃያ ሰው የሚያስቀምጥ የዋንዛ አግዳሚ ወንበር አለ። አሰለፈች ከግቢው ሁሉ ይህን አዳራሽ ትወዳለች። ይህን ለማንም ለመናገር አታፍርም፤ የምታፍርበት ነገር ሌላ ነው።

ስትቀጠር የጽዳት ኃላፊው አቶ ቡልቻ ነበሩ። ሰም በነጭ ጋዝ አቅልጦ መቀባትን፣ ከዚያም የብርድ ልብስ ቁራጭ ላይ ቆሞ በእግር እያሹ ማወልወልን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አንድ ጥብቅ ትእዛዝም ነበራቸው፤ በየክረምቱ ተማሪ ሲበተን የቆየው ሰም በፈላ ውሃና በሶዳ ተፍቆ መውጣት አለበት። አቶ ቡልቻ ጡረታ ሲወጡ ኃላፊነቱ ለአሰለፈች ደረሰ። በመጀመሪያው ክረምት የሴቶቹ እጅ በሶዳው ሲላጥ አይታ አንጀቷ አልቻለም፣ «ዘንድሮስ ይለፈን» አለች። የዘንድሮው ለከርሞ፣ የከርሞው ለሌላ ዓመት ሲባል አሥራ አራት ክረምት አለፈ። ሰም በሰም ላይ ተደርቦ ወለሉ ከሰል መሰለ፤ አዲስ የመጣ ሁሉ ከጥንቱም ጥቁር ሆኖ የተሠራ ይመስለው ጀመር።

በ2003 ዓ.ም. የሕንፃ ክፍል ኃላፊው አቶ ዱጉማ ወለሉ አርጅቷልና በሴራሚክ ይሸፈን ብለው ወሰኑ። ሴራሚኩ ወለሉን ከፍ ስለሚያደርገው አግዳሚው ይነቀላል ተባለ። አሰለፈች ይህን የሰማች ቀን ምሳዋን ሳትበላ ዋለች።

በዚያው ሳምንት መምህርት ሩት የምትባል ወጣት የሥነ ሕንፃ አስተማሪ፣ ተማሪዎቿን አስከትላ የግቢውን አሮጌ ቤቶችና ዕቃዎች ልታስጠና መጣች። በር እየከፈተች እንድታዞራቸው የታዘዘችው አሰለፈች ናት። መምህርቷ የቤተ መጻሕፍቱን ጠረጴዛ ከሥሩ ለማየት ከነቀሚሷ ወለል ላይ በጀርባዋ ስትተኛ፣ አሰለፈች ሳቋን መያዝ አቃታት። እሷም በበኩሏ የትኛው መሳቢያ ወደ ላይ ካልተነሳ እንደማይከፈት፣ የትኛው ደረጃ ከሌሎቹ በጣት እንደሚያንስ አሳየቻቸው። ልጆቹ ሁሉንም በእርሳስ ይነድፉ ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ደስታዋ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

ክቡ አዳራሽ ሲደርሱ ሩት አግዳሚውን በመዳፏ እየዳሰሰች አንድ ዙር ዞረች። ከዚያ ወደ ታች አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«እትዬ አሰለፈች፣ እንዲህ ያለ አግዳሚ የሠራ ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ወለል ይሠራል?»

አሰለፈች የቀረውን በር ልትከፍት ቀድማ ወጣች። ማታ የሥራ ጓደኞቿን እውነቱን ልናገር ወይ ብላ ስታማክር፣ ጡረታዋ ሁለት ዓመት እንደቀረው አስታውሰው «ዝም አይነቅዝም» አሏት። ምክሩ የደግ ሰው ምክር ነበር፤ እሷ ግን ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች።

በማግሥቱ አቶ ዱጉማ ከሁለት የእድሳት ኮሚቴ አባላት ጋር ወለሉን ሊለኩ ገቡ። ሩትና ተማሪዎቿም ሥዕላቸውን ሊጨርሱ እዚያው ነበሩ። አሰለፈች የሚተን ባልዲና መፋቂያ ይዛ መጣችና ሜትሩ የተዘረጋበት ቦታ ላይ ቆመች።

«ወለሉ አላረጀም» አለች። «ያጠቆርኩት እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ሰሙን ሳላስፍቅ አሳልፌያለሁ።»

ተንበርክካ ሶዳውን አፈሰሰችና መፋቅ ጀመረች። ጥቁሩ ሰም እንደ ጭቃ እየተጠቀለለ ሲነሳ፣ ከሥሩ ሲሚንቶ ውስጥ የተበተነ ነጭና አረንጓዴ የእብነ በረድ ፍርፋሪ ወጣ፤ በመካከሉ የነሐስ መስመር ከአግዳሚው ተነስቶ ወደ በሩ ይሄዳል። ሩት አጠገቧ ተንበረከከች። አቶ ዱጉማ ግን ውሳኔያቸው በሰው ፊት ከንቱ ሆኖባቸዋልና ደማቸው ፈላ።

«አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የት ነበሩ?»

«እዚሁ» አለች አሰለፈች። «ሰም ስቀባ።»

እሳቸውም አሰለፈችን ለአስተዳደሩ ከሰሱ፤ የሴራሚኩ ሥራ ግን አልተሰረዘም ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም፣ ሩትና ተማሪዎቿ እስኪያድር አልጠበቁም፤ በትርፍ ሰዓታቸው ከበሩ እስከ አግዳሚው ያለውን ፋቁት። አሰለፈች ጓንት እያደለች መሐላቸው ትሠራ ነበር፤ ዓይኗ ግን ሴራሚክ የጫነ መኪና ይመጣል በሚል ስጋት በር በሩን ያያል።

በሳምንቱ የመጣው ግን ደብዳቤ ነው። አሰለፈች ፈርማ ተቀበለችና እንድታነብላት ለሩት ሰጠቻት። የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ወደ ግል ማኅደሯ ይገባል። ሩት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ማንበብ ጀመረች፦ «በንጉሡ ዘመን የተሠራውንና የግቢው ቅርስ የሆነውን ወለል ለአሥራ አራት ዓመታት በሰም በመሸፈን ከባድ ጥፋት የፈጸሙ ስለሆነ...» እዚህ ላይ ቆም አለችና ከፍ ባለ ድምፅ ቀጠለች፦ «ወደፊት ይህ ወለል በማናቸውም ነገር እንዳይሸፈን በጥብቅ እናሳስባለን። ግልባጭ፣ ለሕንፃ ክፍል፤ ለግዥ ክፍል።»

አስተዳደሩ ጥፋቷን ለማክበድ ሲል የወለሉን ክብር በማኅተም አጽድቆ፣ ሴራሚኩንም ሳያስበው ከልክሎ ነበር። ሩት ሳቀች። አሰለፈች ግን አልሳቀችም፤ አግዳሚው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«እስቲ ድገሚልኝ የኔ ልጅ» አለቻት። «ጥፋት ከሚለው አይደለም፤ ቅርስ ከሚለው ጀምሪ።»