ጥሩምባ ነፊው እጩ

የጉርድ ሾላው ላጲሶ ለብሔራዊ ሸንጎ የተወዳደሩት ፈልገው አይደለም። በ1979 ዓ.ም. ግንቦት ለአካባቢው ሦስት እጩ ይቅረብ ተባለ፤ ሁለቱ ከላይ ታውቀው የመጡ ጓዶች ነበሩ። ሦስተኛው ማሟያ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ገሰሰ ግራ ቀኝ ቢያይ፣ ሁሉ የሚያውቃቸው፣ ማንም የማይፈራቸው ሰው የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ላጲሶ ብቻ ሆኑበት።

ላጲሶ ሃያ ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ ተነስተው፣ ያቺን አፏ የተጣመመ ጥሩምባ ሦስቴ ነፍተው፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» እያሉ ሟቹን ከነአባቱ ስም፣ ቀብሩን ከነሰዓቱ ሲለፍፉ ኖረዋል። አንድ ሕግ አላቸው። ሟቹ ቤት ሄደው ሳያጣሩ አይነፉም። ሕጉ የተወለደው ከስህተት ነው። ገና ጀማሪ ሳሉ በወሬ ብቻ አቶ አለምን ገደሏቸው። አቶ አለም ደግሞ ጥሩምባውን እንጂ ስሙን አልሰሙም ኖሮ፣ ጎረቤት ሞተ ብለው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከቤተ ክርስቲያን ሲመጡ የገዛ ደጃቸው ላይ ድንኳን ሲተከል ደረሱ። ሰፈሩ እስካሁን ይስቃል።

ለቅስቀሳው ንግግር ተጽፎ ተሰጣቸው፤ አንድ ገጽ ተኩል፣ ስለ ምርት እድገትና ስለ አብዮቱ ድል። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ነውና ሳምንት ሙሉ ተለማመዱ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሹመቱም ትንሽ አምሯቸው ነበር። ኮታቸውን አስተኮሱ።

እሁድ በሦስት ሰዓት ግን የቀበሌው አዳራሽ ባዶ ነው። ከላይ የመጡት ጓዶች ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ገሰሰ ላብ አጥምቆታል።

«ጋሽ ላጲሶ፣ እባክዎ ጥሩምባዋን ይንፏት።»

«ማን ሞተና?»

«ማንም! ሰው ከስብሰባ ይቀራል እንጂ ከቀብር አይቀርም። ጉድ ሊያደርጉኝ ነው፣ እባክዎ።»

እንቢ ማለት ነበረባቸው። የገሰሰ ላብ አሳዝኗቸው ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ያቺ የተተኮሰች ኮት ናት እላለሁ። ወጥተው ሦስቴ ነፉ።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው ሻይ ቤት ያላት ብርኽቲ ናት። አንድ ልጇ ሐዱሽ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሦስት ዓመቱ፣ ደብዳቤው ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው። ባዶ እግሯን ነበረች።

«ጋሼ፣ የኔ ነው? ሐዱሼ ነው?»

«አይደለም ልጄ። ማንም አልሞተም። ስብሰባ ነው።»

ብርኽቲ እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። ላጲሶ በዕድሜያቸው እንደዚያ ቀን አፍረው አያውቁም።

መድረኩ ላይ ሲወጡ ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱት።

«ስለ ምርት የሚናገር ሰው ሞልቷል» አሉ። «እኔ የማውቀው አንድ ሥራ ነው። ሸንጎ ብገባ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ልጁን ለጦር ሜዳ የሰጠ ሰው፣ ልጁ ከሞተ ይነገረው። ድንኳን ይትከል፣ ያልቅስ፣ ይውጣለት። ካልሞተም አለ ይባል። እናት እንዴት ጥሩምባ በሰማች ቁጥር ትሞታለች? ሌላ የለኝም።»

አንድም ሰው አላጨበጨበም። በዚያ ዘመን እንዲህ ላለው ንግግር ማጨብጨብም ያስፈራል። አንደኛው ጓድ ማስታወሻ ደብተሩን መዘዘ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ገሰሰ ግን ሞከረ።

«ጓዶች፣ ጥሩምባ ነፊ ናቸው! ከለቅሶ ሌላ ምን ያውቃሉ?»

ሳቅ ሆነ፤ ደብተሩም ወደ ኪስ ተመለሰ። ስድብ ቢመስልም፣ ያን ቀን ላጲሶን ያተረፋቸው እሱ ነው።

ምርጫው ተደርጎ ውጤቱ ሲነገር፣ ላጲሶ ከሦስት ሦስተኛ ወጡ። ማግስቱን ብርኽቲ ቤታቸው መጣች።

«ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ። እኔም አልመረጥኩዎትም።»

«አንቺም?» አሉ፤ ደንገጥ ብለዋል።

«ሸንጎ ከገቡ ጥሩምባውን ለሌላ ይሰጡታል። ሌላው ሳያጣራ ይነፋል።» አንገቷን ደፋች። «ሐዱሽ… የሆነ እንደሆነ፣ ስሙን ከነአባቱ የሚጠሩልኝ እርስዎ ይሁኑልኝ።»



ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ሰው በሞተ ቁጥር፣ ላጲሶ ጥሩምባዋን በብብታቸው ሸጉጠው መጀመሪያ የብርኽቲን መስኮት ያንኳኳሉ። «ያንቺ አይደለም፣ ተኚ» ይሏታል። ከዚያ በኋላ ነው የሚነፉት።