እናቴን ያሳሰረች ዶሮ

እናቴ በኒካሄ፣ በሠርጌ ሳምንት ታሰረች። ጥፋቷ ዶሮ ተከትሎ መግባት ነበር።

የቡ ከተማ ውስጥ ከቤታችን ጀርባ የአንድ ቡና ነጋዴ ቪላ ነበር። ደርግ ሲመጣ ሰውየው አገር ጥሎ ጠፋ፤ ቀበሌው ቤቱን አሸገው። ጣሪያው አፈሰሰ፣ ግቢውን ሣር ዋጠው፣ ደፍሮ የሚገባ አልነበረም። የእናቴ ዶሮ ግን ለእሽጉ ምን ገዷት! በተሰበረው መስኮት ገብታ ሳሎን ውስጥ እንቁላሏን ታቀፈች። እናቴም ጥሬ ልትበትንላት ስትገባ አዲሱ የአብዮት ጥበቃ እጅ ከፍንጅ ያዛት።

ክሱ «የሕዝብ ቤት ሰብሮ መግባት» ሆነ። ከተፈረደባት ለወራት ቀበሌ መታሰሯ ነው። ያለ እናቴማ ኒካህ የለም ብዬ ማልኩ። ወላሂ፣ ያኔ ያገኘሁትን ሁሉ ብነክስ ደስ ይለኝ ነበር!

የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሦስት ዳኞች ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሰብሳቢው «የምን ዶሮ! ሰበብ ነው» አሉ።

«ማሎ፣ እባካችሁ፣ ሄዳችሁ እዩዋ!» አለች እናቴ።

ሄድን። ቁልፉ ወረዳ ስለነበር ዳኞቹ ኮታቸውን ሰብስበው በመስኮቱ ዘለው ገቡ። እናቴ «እኔ ተከልክያለሁ» ብላ በረንዳው ላይ ቀረች። ወዲያው ከውስጥ «ወይኔ ጣቴን!» የሚል ጩኸት ሰማን። ዶሮዋ ለካ ሰብሳቢውን ነክሳቸዋለች።

ሊወጡ ሲሉ ጥበቃው መስኮቱ ላይ ቆሞ መውጫ ዘጋባቸው።

«ወረቀት አላችሁ?»

«አንተ! ያለ ወረቀት የገባ አይውጣ ብዬ ያዘዝኩህ እኔ አይደለሁም እንዴ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ለዚህ ነው የማላስወጣዎት፣ ጓድ። ወረዳ ይወስን።»

ወረዳ ሲባል የሦስቱም ፊት ተለወጠ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ጥበቃው ተጠጋች።

«ልጄ፣ መጀመሪያ የእኔን ፍርድ ይስጡኝ፤ ከዚያ እንደፈለግህ።»

ዳኞቹ ተንሾካሾኩ። ሰብሳቢው አንገታቸውን በመስኮቱ አውጥተው፣ ዶሮ ሊያይ የገባ ሰው ጥፋተኛ አይደለም ብለው ፈረዱ። ጥበቃው ትንሽ አሰበና «እናንተስ ለምን ገባችሁ?» አላቸው።

«ዶሮ ልናይ!» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ። አልሐምዱሊላህ፣ ለቀቃቸው።

ዓርብ ኒካሄ ላይ ሦስቱም መጡ። እናቴ አዲስ ሻሿን አስራ በሩ ላይ ቆመችና እጇን ዘረጋችባቸው። «ወረቀት አላችሁ?»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው ግን መሳቁ አቃታቸው። እናቴ የነጋዴውን ጣሪያ አሻግራ አየችና እጇን አወረደች።

«ግቡ፣ ግቡ። የእኛ ቤት ገና አልታሸገም።»

ሰብሳቢው ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ።