ቀይ ስፕሬይ ለወንድሜ ጊታር

ወንድሜ ለኩላሊቱ ኦፕራሲዮን ወደ አዲስ አበባ የሄደ ዕለት፣ አባቴ ሻንጣውን ይዞ ከበር ሲጣራ፣ እሱ ጊታሩን አልጋዬ ላይ አስተኛውና፣ «ስመለስ ቀይ ሆኖ ልየው። የሚያብረቀርቅ ቀይ» አለኝ። በከተማችን ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ማታ ማታ የሚጫወትበት ጊታር ነው። እርጥበቱ ቫርኒሹን ልጦት ፊቱ ለምጽ የወጣበት ይመስል ነበር። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ፣ ጊታሩ ካማረ እሱም ይድናል ብዬ ስለት እንደተሳለ ሰው ሆኜ ነበር የያዝኩት።

ያን ጊዜ ሞባይል የሚባል ነገር የለም፤ ቤታችንም ስልክ አልገባም። አባቴ የሚደውለው እዚሁ በከተማችን ፒያሳ የመኪና መለዋወጫ ለሚሸጠው ጎረቤታችን ሱቅ ነበር። ሰውየው ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ በራችን ላይ ቆሞ፣ «ዛሬ ሾርባ ጠጥቷል»፣ «ዛሬ ደገፍ ብሎ ተቀምጧል» ይለናል። በኋላ ግን «ስልኩ ተበላሽቷል» ማለት ጀመረ። ቀጥሎም በራችን ላይ መቆሙን ተወና ከማዶ እጁን አንስቶ ብቻ ያልፍ ጀመር። እኔ ስልኩን ረገምኩ። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች።

ጊታሩን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ደፍኜ፣ አንድ ጠዋት በሳይክል ፒያሳ ወረድኩ። የስፕሬይ ቆርቆሮዎቹ ከባለሱቁ ራስ በላይ ተደርድረዋል፤ ክዳናቸው ቀለማቸውን ይናገራል።

«ጋሼ፣ ቀዩን ያውርዱልኝ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ለወንድሜ ጊታር ነዋ! ሊመጣ አይደል እንዴ?»

ወደ በሩ አየ። «ቀይ አልቋል» አለ።

«ታዲያ ከራስዎ በላይ ያለው ምንድን ነው፣ በርበሬ ነው?»

«እሱ የመኪና ነው። እንጨት ላይ አይሆንም፣ ይሰነጣጠቃል።»

ነጋዴ ሆኖ ዕቃ አልሸጥም የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። እሱ ደግሞ ያልፈለግከውን ብሎን ጭምር አስይዞ የሚሸኝህ ሰው ነው። ቡናማውን አወረደና ካርቶን ላይ ነፋልኝ፤ «የቁም ሳጥን ቀለም ነው፣ አልፈልግም» አልኩት። ግራጫውን ነፋ፤ የበር ብረት መሰለኝ። «ጥቁሩስ...» ብሎ ቆርቆሮውን አነሳና፣ ሳይነፋው፣ እንዳቃጠለው ሁሉ ቶሎ ወደ ቦታው መለሰው። እኔ ግልፍተኛ ነኝ፤ ደሜ ፈላ።

«ለምን እስከ ነገ አትታገሺም?» አለኝ።

«ነገ ምን አለ?»

በርጩማ ላይ ወጥቼ ቀዩን ራሴ አወረድኩት። በጋዜጣ ሲጠቀልልልኝ ጥቅልሉ አላልቅ አለው፤ ዓይኑ ቀልቷል። የቀለሙ ሽታ ነው ብዬ አሰብኩ። ስወጣ ከኋላዬ፣ «አይዞሽ ልጄ» አለ። ቀለም ለገዛ ሰው አይዞሽ ይባላል እንዴ? መንገዱን ሙሉ እያጉረመረምኩ ነዳሁ።

ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ትንኙ እርጥብ ቀለም ላይ ይለጠፋል፤ ስለዚህ ቶሎ መቀባት ነበረብኝ። ቤት ስደርስ የእድራችን ዳኛ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ግቢያችን መሃል ቆሟል። ከበሩ እስከ አቮካዶው ዛፍ፣ ከአቮካዶው እስከ አጥሩ በዓይኑ ይለካል።

«ይሄ ቅርንጫፍ ዝቅ አላለም?» አለኝ።

«እኛን አላስቸገረንም።»

«ይሁን። የልብስ ማስጫውን ገመድ ግን እስከ ነገ አንሺው» ብሎኝ ወጣ።

ከጎረቤት ጓሮ የብዙ ቢላዋ ድምፅ ይሰማል፤ ሽንኩርት ይከተፋል። በአጥሩ ላይ ተንጠራርቼ፣ «ሰርግ አለ እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። ቢላዎቹ ሁሉ ባንዴ ዝም አሉ። ቆይቶ አንዷ፣ «ማኅበር ነው» አለች። የሰፈራችንን ማኅበር ሁሉ አውቃለሁ፤ ያ ቀን የማንም አልነበረም። ያኔ ፈራሁ። የምር ፈራሁ። ፍርሃቴን ግን ለማንም ማሳየት አልፈለግኩም፤ ቆርቆሮውን ይዤ እየናጥኩ ወደ ጊታሩ ሄድኩ።

ስፕሬይ ሳስቶ እየተነፋ፣ ሲደርቅ እየተደገመ ነው የሚያምረው። የመጀመሪያውን ነፍቼ ስጠብቅ አንዷ ጎረቤት በጓሮ በር ገባች። «ልጄ፣ ዛሬስ ይቅርብሽ፤ ቀይ ነገር...» ብላ አፏን ያዘች።

«ተያት። ትቀባ» አለች እናቴ።

መቼ እንደወጣች አላየኋትም። በርጩማ ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሌላ ጊዜ የቀለም ሽታ ራሷን የሚያማት ሴት፣ ያን ቀን እስክጨርስ አልተነሳችም።

«እስኪደርቅ ምን ያህል ይቆያል?» አለችኝ።

«እስከ ጠዋት።»

«እስከ ጠዋት ጥሩ ነው» አለች።

ማታ እራት በእጇ እያጎረሰች በግድ አበላችኝ። እሷ አልቀመሰችም። «ወንድምሽ በጣም ይወደዋል» አለችኝና ፊቷን አዞረች። እኔም በዚያ ቃል ተጽናንቼ ተኛሁ።

በእኛ ዘንድ መርዶ ሱቅ ውስጥ አይነገርም፣ በስልክም አይነገርም። ሰሚው ቤቱ ሆኖ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ወገግ ሲል ነው የሚነገረው። እስከዚያ አገር ያወቀውን ባለቤቱ ሳያውቅ ያድራል። ይህን እያወቅኩ ስለ ራሴ ቤት አላሰብኩትም።

ጎህ ሲቀድ ቀለሙን ለማየት ወደ ግቢ ወጣሁ። ጊታሩ አምሮ ነበር። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና የንስሐ አባታችን፣ ባለሱቁ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ከኋላቸውም ሰፈሩ ሁሉ ገባ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እኔ ግን ጊታሩ ፊት እጄን ዘርግቼ ቆምኩና፣ «እንዳትነኩት፣ አልደረቀም!» አልኩ።

እናቴ ከቤት ወጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ማንም ሳይነግራት ለብሳ ጠብቃቸዋለች። ሁለት ሴቶች እንዳትወድቅ በግራና በቀኝ ሊይዟት ሮጡ። እጃቸውን ከላይዋ አነሳች።

«እኔን ተዉኝ» አለች። «እኔ ስልኩ ተበላሸ ያላችሁኝ ቀን ነው የተረዳሁት። እሷን ያዙልኝ፤ እሷ ገና አልሰማችም።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።